ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የአንድ ቀን ጉብኝት



«ጉብኝት» የሚለው ቃል ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚታየን ፓስፖርት፣ አውሮፕላንና ረብጣ ገንዘብ ነው። በየስልካችን መስኮት የሚያልፉልንም የጣሊያን የባሕር ዳርቻ መንደሮች፣ በገደል ላይ የተደረደሩ ባለ ቀለም ቤቶችና ነጫጭ ጀልባዎች ናቸው። ሁሉም የአላህ ምድር ነውና ማየቱም ሆነ መመኘቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን ከመኪና መስኮት ባለፈ የሚያውቃቸው ስንቱ ነው? ሱሉልታ ወደ ጎጃም፣ ቡራዩ ወደ አምቦና ነቀምት፣ ሰበታ ወደ ጅማ የሚወስዱ መንገዶች ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሦስቱንም ወደ ሌላ ቦታ ስንሄድ እናልፋቸዋለን እንጂ ወደ እነርሱ ብለን የምንነሳ ጥቂቶች ነን። በምድር ላይ ተጉዘን እንድናስተነትን ጌታችን ማዘዙን ግን ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። ትእዛዙ ስለ ኪሎ ሜትር ብዛት የተናገረው ነገር የለም።

በዚህ ሐሳብ ተነሳስተን በጥቅምት ወር አጋማሽ አንድ እሑድ አምስት ሆነን ወጣን። ሦስታችን መምህራን ነን፤ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ እኔ ደግሞ ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ማታ በመድረሳ ቁርኣን አስተምራለሁ። አራተኛው በመርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ጓደኛችን ነው። አምስተኛው አምና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያልሞላለት የቀድሞ ተማሪዬ ነው። እናቱ «ኡስታዝ፣ ከቤት ይውጣልኝ፤ ከናንተ ጋር ይዋል» ብላ አደራ ስለሰጠችኝ ይዘነው ሄድን። መኪና የለንም። ወጪያችን የታክሲ ሒሳብ፣ ስንቃችን አንድ አገልግል ነበር።

ሱሉልታ፦ ውሃ የሚለያይበት ጀርባ

ሱብሒን ሰግደን ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታን ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ የእንጦጦን ተራራ ሽቅብ ይወጣና በባሕር ዛፍ መካከል አልፎ በወዲያኛው በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ባሕር ዛፍ የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ዛፉ ከአውስትራልያ በምኒልክ ዘመነ መንግሥት የመጣ ነው፤ ከባሕር ማዶ በመምጣቱም በዚሁ ስም ተጠራ። ምኒልክ በእንጦጦ ሲቀመጡ ደኑ እየተጨፈጨፈ የማገዶ ችግር ጸንቶ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ባሕር ዛፉ ባይደርስላት ኖሮ እንደ ቀደሙት መናገሻዎች ትታ ትሄድ ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

ከተራራው አናት ላይ የጂኦግራፊው መምህር «ልብ በሉ፣ አሁን የውሃ ድንበር ልንሻገር ነው» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጦጦ ደቡባዊ ጎን የወረደ ዝናብ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በሰሜናዊው ጎን የወረደው ግን በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዐባይ ይሄዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኅዳሴ ግድብ አልፎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ፣ የተረፈው ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል። ያ በስልካችን የምናየው የጣሊያን መንደር የተሠራው በዚሁ ባሕር ዳር ነው። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ በበረሃ፣ አንዱ በባሕር ይጨርሳሉ ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

ሱሉልታ ብርዳም ናት። ከአዲስ አበባም ከፍ ስለምትል የጧቱ ነፋስ ጋቢ ያስፈልገዋል። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በጥቅምት ደግሞ ሣሩ እየታጨደ ድርቆሽ ሆኖ ይከመራል። ይህ ረግረግ በአገራችን ብቻ የምትገኘውን ክንፏ ሰማያዊ ዝይ ጨምሮ ለብዙ አዕዋፍ መኖሪያ ነው። በመንገዱ ጠርዝ ሯጮች በሦስትና በአራት እየሆኑ ያልፋሉ። አየሩ ስስ በመሆኑ ለሥልጠና ይመረጣል፤ አትሌት ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ያሠራውም በዚሁ ነው።

በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ትኩስ ወተት ጠጣን። ባለቤቱ ጎልማሳ ገበሬ ናቸው። የሒሳቡ መምህር በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ፊታቸው በራ፤ ወተቱንም ደገሙልን። ስለ ላሞቻቸው ብዙ አጫወቱን። በመጨረሻም በእጃቸው ሜዳውን እያሳዩ «ልጆቼ፣ ድርቆሹ በየዓመቱ ያንሳል፤ ሣር የነበረው ቤት ሆነ፣ መጋዘን ሆነ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የታሸገ ውሃ ፋብሪካ፣ መጋዘንና የመኖሪያ ሰፈር ከሣሩ ጋር ይሻማሉ። ከተማ መስፋቱ አይቀርም፤ ሆኖም የምንጠጣው ወተት ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ የከተማ ልጅ ሜዳው ሲያልቅ የሚጎድልበትን አያውቅም።

ቡራዩ፦ የውዱእ ውሃችን ምንጭ

ከሱሉልታ ተመልሰን በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ አቀናን። ከቡራዩ አለፍ ብሎ በአምቦ መንገድ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። «ገፈርሳ» በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው፤ ስሙ አካባቢው በአንድ ዘመን የምን መሰማሪያ እንደ ነበር ይጠቁማል። ለአዲስ አበባ ከተሠሩት የመጠጥ ውሃ ግድቦች ቀደምቱ ይህ ነው። በኋላ ለገዳዲና ድሬ፣ የአቃቂም የጉድጓድ ውሃ ተጨመሩ። ገፈርሳ ግን እስከ ዛሬ ከተማይቱን ያጠጣል።

ከመንገዱ ዳር ቆመን ውሃውን ተመለከትነው። ነፋሱ ማዕበል መሰል ሽብሽብ ያወጣበታል፤ ዳርቻው ላይ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ነጋዴው ጓደኛችን «የጣሊያን ባሕር ቢቀርብን ምን ጎደለ?» ብሎ አሳቀን። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ስናደርግ ውሃ እንዳናባክን አስተምረውናል፤ የሚፈስስ ወንዝ ዳር ብንሆን እንኳ። በከተማችን መስጊዶች ቧንቧ ከፍተን እየተጨዋወትን የምናፈሰው ውሃ ከዚህ ነው የሚነሳው። ከግድቡ ስንመለስ ሁለት እናቶች ቢጫ ጀሪካን በአህያ ጭነው ሲሄዱ አገኘን። ውሃው ከተወለደበት አጠገብ ያሉ ሰዎች ውሃ ፍለጋ ይሄዳሉ። በየመስጊዱ የውዱእ ቦታ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ማስታወቂያ ይህ ይመስለኛል።

ዙህርን በቡራዩ ሰገድን። እዚህ ላይ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ መንገደኞች ነን፤ ቀስር እናድርግ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ለብዙ ቤተሰብ ስለሚጠቅም መልሱን ልጻፈው። ሦስቱም ከተሞች ከመሐል አዲስ አበባ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃሉ። የሻፊዒይ መዝሀብን ጨምሮ አብዛኞቹ ዑለማ ሶላት ለማሳጠር የሚያስቀምጡት ርቀት ግን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አራቱን ረከዓ ሞልተን ሰገድን።

ከሶላት በኋላ ከመስጊዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከነበሩ አንድ አዛውንት ጋር ጨዋታ ጀመርን። እኚህ አባት ያወሩልንን ሁሉ መጻፍ አይቻልም፤ ዝም ማለትም አይገባም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተነሳው ጥቃት ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠልለዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እነዚህ ሦስት ከተሞች ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው «ሸገር ከተማ» ሲመሠረት በየሰፈሩ ብዙ ቤቶች፣ ከእነርሱም ጋር መስጊዶች ፈረሱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ይህንኑ በመቃወም በአንዋር መስጊድ ድምፅ በተሰማበት ጁሙዓ የሰው ሕይወት ጠፋ። እኚህ አባት ግን ስለ ቂም አላወሩንም። «ቤቱ ሲፈርስ ዕቃዬን ያወጣልኝ፣ ሌሊቱን ልጆቼን ያሳደረልኝ ክርስቲያን ጎረቤቴ ነው። ሐቁን አላህ ይክፈልልኝ» አሉ። ከዚያም ወደ ተማሪዬ ዞረው «አንተ ልጅ፣ ጎረቤትህን በደህናው ቀን እወቀው» ብለው መከሩት። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ጎረቤት ሐቅ አንድ ዓመት ብናገር ይህን ያህል አይገባለትም ነበር።

ምሳችንን በዚያው በላን። አገልግሉ የያዘው ለሁለት ሰው እንጂ ለአምስት አልበቃ ስላለ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ለሙስሊም መንገደኛ በየከተማው የሙስሊም ሥጋ ቤት አይገጥመውም፤ ይሁን እንጂ ሰው አይራብም። የጾም በያይነቱ ባለበት ሁሉ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ የኛም ምግብ ነው። ዓሣም እንዲሁ፤ ማረድ ስለማይጠይቅ ማንም ቢያጠምደው ለኛ ሐላል ነው። ጎረቤታሞች በአንድ ምግብ ቤት በሰላም የሚበሉት እንዲህ ነው።

ሰበታ፦ ሐዲዱ የሚነሳበት

በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና አድርገን፣ ዓለም ገናን አልፈን ሰበታ ስንደርስ ዐስር ደርሶ ነበር። ሰበታ ከሦስቱ ሞቅ ትላለች። ፋብሪካው፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁና የገበያው ግርግር አንድ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ግን ለመምህር ልብ የሚቀርቡ ሁለት ተቋማት አሉ።

አንደኛው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተ ሲሆን፣ በብሬል ፊደል ተምረው ከዚህ የወጡ ብዙዎች መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ሙዚቀኞች ሆነዋል። የልዩ ፍላጎት መምህራንን የሚያሠለጥን ኮሌጅም በከተማይቱ አለ። ዓይነ ስውር ልጅን ደብቆ የሚያሳድግ ቤት ዛሬም በመካከላችን መኖሩን በማስተምርበት ሰፈር አይቻለሁ። ዓይነ ስውሩ ሶሓባ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ግን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚኖች አንዱ ነበሩ። ነቢዩ ከመዲና ሲወጡም ተክተዋቸው ያሰገዱበት ጊዜ አለ። ልጁን የሚደብቅ አባት ይህን ሊሰማ ይገባዋል።

ሁለተኛው የዓሣ ምርምር ማዕከል ነው። ባሕር በሌላት አገር፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ዓሣ የሚመራመሩ ሰዎች አሉ። ቆሮሶንና ሌሎች ዝርያዎችን በኩሬ እያራቡ ጫጩቶቹን ወደ ልዩ ልዩ ኩሬዎችና ግድቦች ይልካሉ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ገበሬው ከላሙ ጎን ኩሬ ቢቆፍር አይከፋም» አለ፤ የነጋዴ ዓይን ከሣንቲም አይርቅም።

ወደ ማምሻው ላይ ሐዲዱን ለማየት ሄድን። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሳው ከሰበታ ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ይህ መስመር በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረውም በ2010 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው በፈረንሳዮች የተሠራው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ከውጭ የሚገባልን ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይመጣል። ስለዚህ የሰበታ ሐዲድ ወደ ባሕር የተዘረጋ የአገር ክንድ ነው ማለት ይቻላል።

ተማሪዬ ቀኑን ሙሉ ብዙ አልተናገረም ነበር። ከሐዲዱ አጠገብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ እየተመለከተ «ይኼ ባሕር ያደርሳል አይደል?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን፤ የጥያቄውን ትርጉም አውቀነዋል። የሰፈሩ ልጆች በጅቡቲ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ፣ አንዳንዶቹም በሱዳንና በሊቢያ ወደዚያው ጣሊያን ሄደዋል። የደረሰው ፎቶ ይልካል፤ ያልደረሰው ፎቶ የለውም።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። «እኔ ለንግድ ጅቡቲ ስመላለስ ኦቦክ ሄጃለሁ። ባሕሩ ያምራል፤ አልዋሽህም። ግን በዳርቻው ከግራር ሥር የተቀመጡትን የኛን ልጆች አየሁ። ጫማ የላቸውም። ደላላው ውሃ በገንዘብ ይሸጥላቸዋል። አንዱ ያገሬ ልጅ ስልኬን ለምኖ እናቱ ዘንድ ደወለና ‹ደህና ነኝ› ብሎ ዘጋ። ደህና አልነበረም።» የጂኦግራፊው መምህርም ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አቢያን ዳርቻ የሰመጠችውን ጀልባ አነሳ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩ፤ በብዙ አሥር የሚቆጠር ሬሳ ባሕሩ ወደ አሸዋው ተፋው።

ልጁ አዳመጠና ራሱን ሳያቀና «ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ኡስታዝ። ግን መቆየትም ገንዘብ ይፈልጋል። እናቴ እንጀራ ጋግራ ታሳድገኛለች፤ እስከ መቼ?» አለ። ይህ የድፍረት መልስ አይደለም። ይህን ለሚል ልጅ «ሐራም ነው» ብሎ ጥሎት መሄድ ስብከት እንጂ ተርቢያ አይሆንም። ስደት በራሱ ነውር አይደለም፤ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች ከቁረይሽ ግፍ ሸሽተው ይህንኑ ቀይ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር መጥተዋል። እነርሱ ግን የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር፤ ፍትሐዊ ንጉሥ እንዳለ ተነግሯቸው ነው የወጡት። ዛሬ ልጆቻችንን የሚጠብቃቸው ደላላ ነው። ነፍስ አማና ናት፤ በማይታወቅ ሰው እጅ፣ ከአቅሟ በላይ በተጫነች ጀልባ ላይ አደራ አትሰጥም።

በዚህ ተስማምተን አልጨረስንም። የሆነው ይህ ነው። ነጋዴው «ሰኞ ጧት ሱቅ ና፤ ስድስት ወር ሥራ፣ የጨርቅ ዓይነት እወቅ፤ ደመወዝህን ከነገ ጀምሮ እቆጥርልሃለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ልሂድ ካልክ በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚኬድ አብረን እንጠይቃለን» አለው። የሒሳቡ መምህርም ፈተናውን በግል ደግሞ እንዲወስድ ማታ ማታ ሊያስጠናው ቃል ገባ። ልጁ «ከእናቴ ጋር ልማከር» ብሎ ዝም አለ። ይህን ስጽፍ ሱቁ መግባት ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ነገ ምን እንደሚያስብ አላህ ያውቃል።

ከዚህ ጉብኝት ለቤተሰብ

ወላጆች ሆይ! ለዚህ ቀን ያወጣነው ገንዘብ ለአንድ ሰው አንድ የሠርግ ጥሪ ከሚያስወጣው ያነሰ ነው። ልታደርጉት ብታስቡ ጥቂት ምክር እነሆ።

ሦስቱንም ከተሞች በአንድ ቀን ማዳረስ ለጎልማሳ እንጂ ለሕፃናት ይከብዳል። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ አንዱን ምረጡ፤ ለሕፃናት ሱሉልታ፣ ለተማሪዎች ሰበታ ይስማማል። ለሱሉልታ ወፍራም ልብስ አትርሱ። ገፈርሳን ከመንገድ ዳር ተመልከቱ እንጂ አጥር አትሻገሩ፤ ቆሻሻም አትጣሉ፤ ነገ የምትጠጡት ራሳችሁ ናችሁና። የሶላትን ሰዓት አስቀድማችሁ አስሉ፤ መስጊድ ጠይቁ። የአካባቢውን ሰው በቋንቋው ሰላም ማለትን ለልጆቻችሁ አስተምሯቸው። አንድ «አካም ጅርተኒ» የሚከፍተውን በር ገንዘብ አይከፍተውም።

ከሁሉም በላይ ግን በየቤታችሁ ነጥብ ያልመጣለት፣ ሥራ ያጣ፣ ስልኩን ይዞ ማዕዘን ላይ የሚቀመጥ ልጅ ካለ ይዛችሁት ውጡ። በቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይናገረውን ጎን ለጎን ሲራመድ ይናገራል። ሲናገር ለመስማት የሚበቃ ጊዜ፣ ከሰማችሁም በኋላ ከምክር ሌላ የምትሰጡት ነገር ይኑራችሁ፤ አንዱ ሥራ፣ አንዱ ትምህርት፣ አንዱ ብድር። ጀማዓ የሚባለው ይኸው ነው።

አላህ ልጆቻችንን በየብስም በባሕርም ይጠብቅልን፤ በአገራቸው ሠርተው የሚያድሩበትን በር ይክፈትላቸው። ኣሚን።